ውሃ ላይ የሚቆም አዳራሽ

ጣሊያናዊው አርክቴክት አልዶ ሮሲ እ.ኤ.አ. በ1979 በጀልባ መድረክ ላይ ከብረትና ከእንጨት አንድ ቴአትር ቤት ሠራ። «ቴያትሮ ዴል ሞንዶ» የተባለው ይህ ሕንፃ እየተጎተተ ቬኒስ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመትም የአድሪያቲክን ባሕር አቋርጦ እስከ ዱብሮቭኒክ ተጓዘ። ዛሬ በውሃ ዳር የጥበብ መናፈሻ ተንሳፋፊ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ማቆም የሚያስቡ ሁሉ የእሱ ወራሾች ናቸው።

መንሳፈፉ ራሱ አያስቸግርም። አፉ በደንብ የታሸገ የ200 ሊትር ባዶ በርሜል ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ውሃው ወደ 200 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚህ የበርሜሉ ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው ለሕንፃው ነው።

የሚከብደው ሚዛኑ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የተሳፈረ ሰው ዝቅ ብሎ መቀመጥን ወዲያው ይማራል፤ ተንሳፋፊ አዳራሽም ሰፊ መሠረት ይፈልጋል፣ ከባዱ ነገር ሁሉ ከታች መሆን አለበት። 50 ጎብኚዎች አንድ ሥዕል ፊት ቢሰበሰቡ ከ3 ቶን በላይ ክብደት ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ስለዚህ ሥዕሎቹ የሚሰቀሉበት ቦታና የክብደቱ ስሌት አብረው ይታቀዳሉ።

ውሃው ደግሞ ይሞላል፣ ይጎድላል። ለዚህ ከውሃው ሥር ባለው መሬት ላይ ምሰሶዎች ይተከሉና አዳራሹ በቀለበት ተይዞ ሽቅብ ቁልቁል ይንሸራተትባቸዋል። ከዳር የሚያሻግረው ድልድይ በማጠፊያ ይያያዛል። ድልድዩ አጭር ከሆነ ውሃው በጎደለ ጊዜ ቁልቁለቱ ይበረታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ጎብኚም ዳር ላይ ይቀራል። የመብራትና የፍሳሽ መስመሮችም ከአዳራሹ ጋር የሚተጣጠፉ መሆን አለባቸው።

ናይጄሪያዊው አርክቴክት ኩንሌ አዴየሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ሌጎስ ማኮኮ ሰፈር ውስጥ ከ250 በላይ የፕላስቲክ በርሜሎች ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ትምህርት ቤት አቆመ። አምሳያው በ2016 ለቬኒስ የኪነ ሕንፃ ቢየናሌ ተሠርቶ አርክቴክቱን የብር አንበሳ አሸለመው። ሽልማቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን የማኮኮው ሕንፃ በከባድ ዝናብ ፈረሰ። ልጆቹ ቀደም ብለው ወጥተው ስለነበር ሰው አልተጎዳም። አዴየሚ ሥራውን አልተወም፤ በ2021 በኬፕ ቨርዴ፣ በዘፋኟ በሴዛሪያ ኤቮራ የትውልድ ከተማ በሚንዴሎ፣ ሦስት ተንሳፋፊ ቤቶች ያሉት የሙዚቃ ማዕከል ተከፈተ።

ውሃ ላይ ያለ እንጨት ይበሰብሳል፣ ብሎን ይዝጋል፣ ገመድ ይሳሳል። እንዲህ ያለ መናፈሻ ለማቆም የተነሳ ከተማ ለግንባታው በጀት በሚይዝበት ቀን በየወሩ ማሰሪያዎቹን የሚፈትሽ ባለሙያ ደመወዝም አብሮ መያዝ አለበት። ጎብኚው አዳራሹን አምኖ የሚረግጠው በዚያ ሰው ትጋት ነው።