ቆርኪ፦ ብረቱና ልባሱ እንዴት ይመረጣሉ?

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ተራ ዕቃ ይመስላል። ሆኖም ከላሜራ በፕሬስ ተመትቶ ለሚወጣ ማንኛውም ዕቃ ብረቱና የላይ ልባሱ የሚመረጡበትን መንገድ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አሜሪካዊው ዊልያም ፔይንተር የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። የያኔው ቆርኪ 24 ጥርሶች ነበሩት፤ ዛሬ የተለመደው 21 ነው።

ቆርኪ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። መጀመሪያ ፕሬሱ ከላሜራው ክብ ቆርጦ ጠርዙን በማጠፍ ጥርሶቹን ያወጣል። በኋላ የመጠጥ ፋብሪካው ማሸጊያ ማሽን ጥርሶቹን ጨምቆ በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ ያስይዛቸዋል። ብረቱ በሁለቱም ጊዜ ሳይሰነጠቅ መታጠፍ አለበት፤ ከታሸገ በኋላ ደግሞ ከውስጥ የሚገፋውን ጋዝ መቻል አለበት። ቢራ እንዳይበላሽ ተብሎ ከነጠርሙሱ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ይህ ግፊት ይጨምራል።

ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ። የታጠፈ ብረት ጫናው ሲነሳለት በመጠኑ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ብረቱ በጠነከረና በቀጠነ ቁጥር መመለሱ ስለሚብስ ጥርሶቹ ጠርሙሱን አጥብቀው አይዙም። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ግፊቱ ይከፍተዋል። ስለዚህ የሚመረጠው ካርቦኑ አነስተኛ የሆነና ጥንካሬው መካከለኛ የሆነ፣ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ነው።

እንዲህ ያለው ብረት እርጥበት ሲነካው ይዝጋል፤ ልባስ ያስፈልገዋል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ ይለበጣል። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ስለሚበላ፣ ቆርቆሮው በተቆረጠበት ወይም በተጫረበት ቦታም ብረቱን ለጊዜው ይጠብቀዋል። ለቆርኪ ግን ዚንክ አይሆንም፤ አሲድ ባለው መጠጥ ይሟሟል።

የቀሩት የተለመዱ አማራጮች ቲንና ክሮሚየም ናቸው። ቲን ለስላሳ ነጭ ብረት ነው፤ አየርና ውሃ ባለበት ግን እንደ ዚንክ ቀድሞ አይበላም። በተጫረበት ቦታ የሚዝገው ከሥሩ ያለው ብረት ነው። በ232 ዲግሪ ስለሚቀልጥም ከላዩ የሚቀባው ቫርኒሽ የሚጋገርበት ሙቀት ከዚያ በታች መሆን አለበት። የክሮሚየም ልባስ ከቲኑ እጅግ የቀጠነ ነው፤ ቫርኒሽን አጥብቆ ይይዛል። ብቻውን ግን ዝገትን በበቂ ሁኔታ ስለማይከላከል የላሜራው ሁለቱም ገጽ ቫርኒሽ መቀባት አለበት።

ቀጥሎ የሚወሰነው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የቆርኪ ቫርኒሽ የሚቀባውና ሥዕሉ የሚታተመው ላሜራው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ነው። ይህ ሥራውን ያፈጥናል፤ ወጪውንም ይቀንሳል። በሌላ በኩል ቫርኒሹ ከብረቱ ጋር አብሮ መለጠጥ ይኖርበታል፤ ግትር ከሆነ በጥርሶቹ መታጠፊያ ላይ ይሰነጠቃል። የተቆረጠው ጠርዝም ያለ ልባስ ይቀራል። በረዶ ውሃ ውስጥ የቆየ ጠርሙስ ላይ ቡናማው ዝገት ከጥርሶቹ ጫፍ ሲጀምር፣ ሥዕሉ ያለበት አናት ግን ንጹሕ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። መጠጡን ከጠርዙ የሚለየው በቆርኪው ውስጥ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው።

ዕቃውን ቅርጹ ከወጣ በኋላ መለበጥም ይቻላል። ያኔ ጠርዙም ይሸፈናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ ታጥቦ በልባስ ፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ጥልቅ እጥፋቶችም ስስ ልባስ ብቻ ያገኛሉ። ብረቱ በሙቀት የተጠናከረ ከሆነ ደግሞ በሂደቱ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ውስጡ ገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ሲመዘኑ የቆርኪው ጠርዝ ሳይለበጥ መቅረቱ ታስቦበት የተወሰነ መሆኑ ይታያል፤ አንዴ ተከፍቶ ለሚጣል ዕቃ ተመጣጣኝ ምርጫ ነው። ለዓመታት ዝናብ ላይ ለሚቆይ የብረት ማያያዣ ግን ይኸው ምርጫ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ ብረቱን መርጦ ልባሱን ለኋላ መተው አያዋጣም። ዕቃው ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ፣ ምን እንደሚነካውና ምን ያህል እንደሚያገለግል ከታወቀ በኋላ ሁለቱ አብረው መወሰን አለባቸው።