ያልተቆጠሩ ግቦች ዋጋ

የእግር ኳስ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ለአጥቂ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወንዶች ዝውውር የአንድ ሚሊዮን ፓውንድን ጣሪያ የጣሰው ጣሊያናዊው ጁሴፔ ሳቮልዲ አጥቂ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ይህንኑ በእንግሊዝ የደገመው ትሬቨር ፍራንሲስም እንዲሁ። በሴቶቹ በኩል እስከ ጥር 2025 ድረስ ክብረ ወሰኑን የያዘችው የዛምቢያዋ ግብ አነፍናፊ ሬቸል ኩንዳናንጂ ነበረች። በዚያ ወር ግን ቼልሲ ለሳን ዲዬጎ ዌቭ ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ናኦሚ ግርማን ወሰደ። በሴቶች እግር ኳስ ሚሊዮን ዶላር የወጣባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች የመሐል ተከላካይ ሆነች።

ክብረ ወሰኑ ብዙ አልቆየም። ስድስት ወር ሳይሞላ አርሰናል ለካናዳዊቷ አጥቂ ኦሊቪያ ስሚዝ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ፤ ነሐሴ ላይ ኦርላንዶ ፕራይድ ሜክሲኳዊቷን ሊዝቤት ኦቫዬን በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ገበያው ወደ ልማዱ ተመለሰ። ለዚህም ነው የናኦሚ ጉዳይ እንደገና ሊታይ የሚገባው፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ማሊያ እስከዚያ ድረስ ያስቆጠረቻቸው ግቦች ሁለት ብቻ፣ እነሱም ጥቅምት 2024 አርጀንቲና ላይ በአንድ ምሽት የገቡ ነበሩ።

ሰኔ 2000 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ናቸው። የአሜሪካ የታዳጊዎች እግር ኳስ ኪስ ይጎዳል፤ ስም ያለው ክለብ ልጅ ለማስገባት በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል። የሳን ሆዜ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ግን «ማለዳ» የሚል የራሳቸውን የልጆች ቡድን አቋቋሙ፤ አባቷ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ልጆቹ ኳስ ሲያንከባልሉ ወላጆች በአገር ቋንቋ ይጨዋወቱበት የነበረ ስብስብ እንጂ የኮከብ ማምረቻ አልነበረም። ስደተኛው ማኅበረሰብ ለኳስ እንግዳ አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየበጋው ውድድር ያዘጋጃል። ይሁንና ከዚያ ሁሉ የኳስ ፍቅር መካከል ለአሜሪካ ዋናው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን የደረሰች የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት እሷ ናት፤ ሚያዝያ 2022 ከኡዝቤኪስታን ጋር ተሰለፈች። አዲስ አበባ ላይ በስሟ መኩራት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሉሲዎቹ በ2004 በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተው ከ2012 ወዲህ በአህጉሩ መድረክ አለመታየታቸው ከኩራቱ ጎን መነሳት አለበት። እሷን ያሳደገው የወላጆች ጥረትና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ያ ዩኒቨርሲቲ ስታንፎርድ ነው። የተማረችው ትምህርት የኮምፒውተር ሳይንስን ከሥነ ልቦና፣ ከቋንቋና ከፍልስፍና ጋር ያዋሕዳል። በ2019 የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ እዚያው በተወለደችበት ከተማ ተካሄደ፤ ስታንፎርድ ኖርዝ ካሮላይናን በመለያ ምት ሲረታ ግብ ጠባቂዋ ኬቲ ሜየር ሁለት ምቶች አዳነች። ከዚያ የናኦሚ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ የቅርብ ጓደኛዋ ኬቲ በ22 ዓመቷ ራሷን አጥፍታ ተገኘች። ከአንድ ዓመት በኋላ ናኦሚ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋን ለኬቲ መታሰቢያ አደረገች፤ ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ «ኮመን ጎል» ጋር ሆናም ስለ አእምሮ ጤና በግልጽ እንዲወራ ዘመቻ ጀመረች።

በሙያው ያደገችበት ፍጥነት ያስገርማል። በ2022 የኮሌጅ ተጫዋቾች ምርጫ ሳን ዲዬጎ አንደኛ አድርጎ ወሰዳት፤ አሰልጣኟ የቀድሞዋ የእንግሊዝ ተከላካይ ኬሲ ስቶኒ ነበረች። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ምርጥ ተከላካይም ተባለች፤ የተከላካይነቱን ሽልማት በ2023 ደገመችው።

ያ 2023 ለአሜሪካ የሐዘን ዓመት ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ በዓለም ዋንጫ ከአራት ጨዋታ አራት ግብ ብቻ አግብቶ በስዊድን በመለያ ምት ተሰናበተ፤ ከዚያ በፊት ከግማሽ ፍጻሜ ወርዶ አያውቅም። ጋዜጠኛውም ደጋፊውም አጥቂዎቹን ሲወቅስ የኋላ ክፍሉ የተቆጠረበት አንድ ግብ ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አላለም። ፌዴሬሽኑ ግን ልብ ብሎ ኖሯል፤ የዓመቱ የአገሪቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ናኦሚ ሆነች። ተከላካይ ይህን ሽልማት ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበረች።

አጨዋወቷ ለቴሌቪዥን ቅንጭብ አይመችም። ሸርተቴ የምትወርደው ሲቸግር ብቻ ነው፤ አጥቂዋ ኳሱን ከመቀበሏ በፊት እሷ መንገዱ ላይ ቆማለች። ኳስ ስትነጥቅም ወደ ሜዳ ውጪ አትጠልዝም፤ ቀና ብላ ታይና በሁለት አማካዮች መካከል ታሾልከዋለች። ጥሩ ተከላካይ የሚለካው በሆነው ሳይሆን በቀረው ነገር ነውና ተመልካች ሙያዋን ለማየት ኳሱን ትቶ እሷን መከታተል አለበት። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ኤማ ሄይስ ይህን በቅርብ ስላየች በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በሕይወቷ እንደ ናኦሚ ያለ ተከላካይ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ማጋነን ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ይደግፋታል። አሜሪካ በስድስት ጨዋታ የተቆጠረባት ሁለት ግብ ነው፤ ጃፓንንና ጀርመንን በተጨማሪ ሰዓት፣ ብራዚልን በፍጻሜው፣ ሁሉንም 1 ለ 0 ረትታ ወርቁን ወሰደች። ናኦሚ ከአንዱም ጨዋታ አልተቀየረችም።

ለንደን እንደዚህ አልቀናትም። ለቼልሲ ብራይተን ላይ በተሰለፈችበት የመጀመሪያ ጨዋታ የባት ጡንቻዋ ተጎድቶ ወጣች። ቡድኑ ያን ዓመት ሊጉን ሳይሸነፍ ከሁለት የአገር ውስጥ ዋንጫዎች ጋር ሲጠቀልል እሷ ብዙውን ጊዜ በሕክምና ላይ ነበረች። ገንዘቡ በዛ ያሉም አልጠፉም። ያው ክለብ ግን በ2023 ለወንዶች ቡድኑ ተጫዋች ኤንዞ ፈርናንዴዝ 106.8 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል፤ የእሷ ዝውውር ከዚያ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ውሏ እስከ 2029 ይዘልቃል፤ ያን ጊዜ 29 ዓመት ይሆናታል፤ ለመሐል ተከላካይ ገና የብስለት ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት ግን በ2027 ብራዚል የምታስተናግደው የዓለም ዋንጫ አለ።