ኳስን እንጀራዋ ያደረገች ሴት

በመተማ ቆላ ፀሐይ እጅግ ስለምትበረታ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ወደ ማታ ነው። በመተማ ዮሐንስ ዙሪያ፥ ወደ ሱዳን ወሰን የሚዘልቀው ምድር ለጥ ያለ ሜዳ ስለ ሆነ የመጫወቻ ስፍራ አይታጣም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ብዙዎቹ ልጃገረዶች ውኃ ሊቀዱና እራት ሊሠሩ ስለሚላኩ ሜዳው የወንዶች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሴት ልጅ ኳስ ተጫውታ ደመወዝ ትቀበላለች ቢባል ለብዙ ሰው ተረት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

የዚህን ሙያ ጠባይ ለማስተዋል የመተማን የሰሊጥ እርሻ ማሰብ ይረዳል። ክረምት ሲገባ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወርዶ ከባለ እርሻው ጋር ይዋዋላል፤ አረሙን ያርማል፥ ሰሊጡንም ያጭዳል። ሥራው ሲፈጸም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በሚመጣውም ዓመት እንደገና ይዋዋላል። ኳስ ተጫዋቺቱም እንዲሁ ናት። ከአንድ ክለብ ጋር ለተወሰነ ዘመን ውል ትፈርማለች። ክለቡ ደመወዝ ይከፍላታል፤ እርስዋም ልምምድዋን ሳታስታጉል ትሠራለች፥ በጨዋታም ቀን 90 ደቂቃ ትሮጣለች። ውሉ ሲያልቅ ወይ ይታደሳል፥ ወይ ሌላ ክለብ ትፈልጋለች። ጉልበትዋ ወይም ቁርጭምጭሚትዋ ክፉኛ ቢጎዳ ግን እንደ ታመመ ሳሉግ መሆንዋ ነው፤ የሚቀጥለው ውል ያጠራጥራል። እንግዲህ ይህን ሥራ ጨዋታ ብሎ መጥራት ለተመልካቹ እንጂ ለሠራተኛይቱ አይስማማም።

ከኢትዮጵያ ሴቶች በዚህ ሙያ ስምዋ ከታወቀው አንዲቱ ሎዛ አበራ ናት። በ1990 ዓ.ም. በከምባታ ምድር በዱራሜ ከተማ ተወለደች። በልጅነትዋ ከወንዶች ልጆች ጋር ኳስ ትጫወት ነበር፤ ኋላም ለሐዋሳ ከተማ ክለብ፥ ከዚያም ለደደቢት ተሰለፈች፤ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም ተመረጠች። የሥራዋ ስፍራ አጥቂ ነው፤ ይኸውም ከሁሉ ፊት ሆኖ ኳሱን ከመረብ ማግባት ነው። የአጥቂ ሥራ መሸሸጊያ የለውም። ተከላካይ ብትሳሳት ጓደኛዋ ታድናት ይሆናል፤ አጥቂ ግን አንድ ግብ ብትስት ሜዳውን የከበበው ሕዝብ ሁሉ ያያታል።

ሎዛ ለአጭር ጊዜ ወደ ስዊድን አገር ሄዳ ተመለሰች፤ ለአዳማ ከተማም ተጫወተች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቢርኪርካራ ከሚባል የማልታ ክለብ ጋር ተዋዋለች። ማልታ በሜድትራንያን ባሕር መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ልጅ ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት መላጥያ እርስዋ እንደ ሆነች ያውቃል። ቋንቋውም ምግቡም አየሩም ለዱራሜ ልጅ እንግዳ ነበረ። ቢሆንም በዚያ ወቅት በሊጉ 30 ግብ አግብታ ከአግቢዎቹ ሁሉ አንደኛ ሆነች።

ወደ አገርዋ ተመልሳ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ክለብ ተሰለፈች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቡ ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ለማለፍ ከምሥራቅ አፍሪካ ክለቦች ጋር በኬንያ ተወዳደረ። በዚያ ውድድር ሎዛ ብቻዋን 13 ግብ አገባች። ሆኖም በመጨረሻው ጨዋታ የኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ማለፍ የሚችለውም አንድ ክለብ ብቻ ስለ ነበረ ንግድ ባንክ ቀረ። አሥራ ሦስት ግብ ያገባችውም አንድ ያላገባችውም በአንድነት ተሸንፈው ተመለሱ። ኳስ የአሥራ አንድ ሰው ሥራ ነውና የአንዲቱ ብርታት ብቻውን አይበቃም።

ሜዳው ለሴቶች የተዘጋው በቆላ አገር ብቻ አይደለም። እግር ኳስን ለዓለም ያስተማረችው እንግሊዝ እንኳ በ1914 ዓ.ም. የኳስ ማኅበርዋ ሴቶች በአባል ክለቦች ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ ክልከላውም 50 ዓመት ያህል ጸና። በአውስትራልያ ራግቢ ሊግ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በአንድ ወገን 13 ሰዎች ተሰልፈው፥ እንደ እንቁላል የሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ 80 ደቂቃ ይታገላሉ፤ ኳሱንም በእጅ ሲያቀብሉ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይወረውሩም። እዚያ የሴቶች ብሔራዊ ሊግ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ማለቂያ በአራት ክለቦች ብቻ ነበረ። ክፍያው አነስተኛ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ቀን በሌላ ሥራ ውለው ማታ ይለማመዱ ነበር። ሀብታም አገርም ቢሆን ሴትን ለድካምዋ ለመክፈል ዘግይቶአል።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ አዲስ የሴቶች ሊግ ሲከፈት፥ በዋሽንግተን የተቋቋመው ዲሲ ፓወር የተባለ ክለብ ሎዛን አስፈረመ። 27 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ጊዜ ቀርቶአት ነበር። በአገርዋ፥ በስዊድንና በማልታ ከተጫወተች በኋላ፥ ስምዋን በማያውቅ ሕዝብ ፊት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።