ሥራው ይቅደም፣ ገንዘቡ ይከተላል፦ ለወጣቶች የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚገኙ ድጋፎችና ሽልማቶች

ሐምሌ ሲገባ በየከተማችን የተለመደ ትዕይንት አለ። ወጣቶች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃ ያቦካሉ፤ ጣሪያ ላይ የወጣው ሚስማር በጥርሱ ይዞ ቆርቆሮ ይመታል፤ ቤታቸው የሚታደስላቸው እናት ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይመርቃሉ። አንድ ክረምት እንዲህ ካለው ሥራ መካከል የአንዲት ልጅ ነገር ዐይኔን ሳበው። ከዝናቡ ተጠልላ በር ሥር ቆማ ደብተር ላይ ትጽፋለች፦ ስንት ቆርቆሮ እንደገባ፣ ማን እንደሰጠ፣ ሚስማሩ ከየትኛው ሱቅ በዱቤ እንደመጣ፣ በዕለቱ ስንት ሰው እንደሠራ። ደረሰኞቹን ከየገጹ ጋር በስፒል አያይዛቸዋለች። ጓደኞቿ "ነይ ጭቃ አቀብይን" ሲሏት የያዘችውን መስመር ሳትጨርስ አትነሣም።

ስለ ወጣቶች የበጎ ፈቃድ ሥራ ገንዘብ በተነሣ ቁጥር ያቺ ደብተር ትታወሰኛለች። "ድጋፍ ከየት ይገኛል?" ብለው ለሚጠይቁ ወጣቶች መልሱ ብዙ ነው፤ ከሰፈር እድር እስከ ኤምባሲ፣ ከአንድ ሺህ ዶላር መነሻ እስከ ዓለም አቀፍ ሽልማት ይዘረጋል። ሁሉም በር ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው፦ "እስካሁን ምን ሠራችሁ? በምን ታሳዩናላችሁ?"

ከዘመቻ እስከ ክበብ

ወጣቱ ለወገኑ ጉልበቱን መስጠቱ አዲስ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሸክሙን ከተሸከሙት መካከል ወጣቶች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የንባብ ማኅበር ሽልማት ለዚሁ ዘመቻ ተበረከተ። እነዚህ ሁሉ ግን ከላይ የታዘዙ ነበሩ፤ በጀቱም ትእዛዙም ከመንግሥት ነበር።

ወጣቱ ራሱ አስቦ፣ ራሱ ተደራጅቶ ገንዘብ ፍለጋ መውጣትን በሰፊው የለመደው በ1990ዎቹ፣ በጸረ ኤድስ ክበቦች ነው። በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ፕሮፖዛል ጽፎ ድጋፍ መጠየቅ ያኔ ተለመደ። ዛሬ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ሆነው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሚመሩት ብዙዎቹ ያንን ክበብ እንደ ትምህርት ቤት ይቆጥሩታል።

ድጋፍ፣ ብድርና ሽልማት

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያደናግሯቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ድጋፍ፣ በተለምዶ ግራንት የሚባለው፣ ወደፊት ለሚሠራ ሥራ የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ ነው። አይመለስም ማለት ግን አይጠየቁበትም ማለት አይደለም፤ በስምምነቱ ላይ ከተጻፈው ዓላማ ውጭ አንድ ብር አይወጣበትም። ብድር ተመላሽ ነው። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ብድር እንጂ ስጦታ አልነበረም፤ የታለመውም ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ነው። የሰፈር ቤተ መጻሕፍት በብድር መክፈት ዕዳ መሸከም ነው። ሽልማት ደግሞ ለተሠራ ሥራ የሚሰጥ ዕውቅና ነው፤ ገንዘብ ያለው አለ፣ የምስክር ወረቀትና ስም ብቻ የሆነም አለ።

ከዕድሜም መነሣት ያስፈልጋል። የ1996ቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። እያንዳንዱ ለጋሽም የራሱ ገደብ አለው። የጥሪው ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ዕድሜና አገር ነው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ ለምሳሌ፣ በዚያ ማኅበር ስም የሚወጡ የወጣት ሽልማቶች የእኛን አመልካች አይመለከቱም። ይህን ሳያጣሩ ሌሊቱን ሙሉ ማመልከቻ ሲሞሉ ያደሩ ልጆች አውቃለሁ።

ከደጅ የሚጀምረው

የመጀመሪያው ገንዘብ ከቅርብ ሲመጣ ይሻላል። እድሩ አዳራሽ፣ ድንኳንና ወንበር አለው፤ ወረዳው ባዶ ክፍል ሊኖረው ይችላል፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ቀለም ይሰጣል። እነዚህ በገንዘብ ቢተመኑ ቀላል አይደሉም፤ በኋላ ለትልቅ ድጋፍ ሲያመለክቱም "የማኅበረሰቡ ድርሻ" ተብለው በበጀቱ ላይ ይሰፍራሉ። ለጋሾች ይህን ዐምድ በጣም ይወዱታል። የሰፈሩ ሰው ያላዋጣበት ሥራ ለጋሹ ሲሄድ አብሮ እንደሚሄድ በልምድ ያውቃሉ።

በሕዝብ መዋጮ ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚቻል መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አሳይቶናል። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በጥቂት ሰዎች የጀመረው ሥራ ወደ ታላቅ ተቋምነት ያደገው በአጭር የጽሑፍ መልእክት በሚላኩ ጥቃቅን ብሮች ጭምር ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከሩቅ ያለ ሰው በስልኩ መዋጮ መላክ ቀሎታል። ለትንሽ ቡድን የሚጠቅመው ምክር አንድ ነው፦ መዋጮው በአንድ ሰው የግል ስልክ ላይ ከሚጠራቀም ሁለት ፈራሚ ባለው ሒሳብ ይግባ።

ሮታራክትም መዘንጋት የለበትም። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የመሠረተው የወጣቶች ክንፍ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥም ክለቦች አሉት። አባል መሆን በቀጥታ ገንዘብ አያስገኝም፤ ነገር ግን ሒሳብ ከሚያውቁ፣ ሕግ ከሚያውቁና ድርጅት ካላቸው ታላላቆች ጋር ያገናኛል።

ኤምባሲዎችና የተባበሩት መንግሥታት

ከሰፈር ወጣ ሲባል ቀጥሎ የሚገኙት የኤምባሲ አነስተኛ ድጋፎች ናቸው። የካናዳ የአካባቢ ተነሣሽነቶች ፈንድ በየዓመቱ ጥሪ ያወጣል፤ ለአንድ ፕሮጀክት ጣሪያው 100 ሺህ የካናዳ ዶላር ቢሆንም አብዛኛው ድጋፍ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የጃፓን የመሠረታዊ ማኅበረሰብ ሰብአዊ ደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ሲሆን ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለውኃ ግንባታ ያደላል፤ ለግለሰብ አይሰጥም። ሁለቱም ሕጋዊ ሰውነት ካለው ተቋም ጋር ነው የሚዋዋሉት።

አካባቢ ጥበቃ ላይ ለሚሠሩ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም በኩል የሚተላለፈው የግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ አነስተኛ ድጋፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት ጣሪያው 50 ሺህ ዶላር ሆኖ ቆይቷል። የተፋሰስ ሥራ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የሚሠሩ ማኅበራት ሊያዩት ይገባል።

በውጭ ድጋፍ በኩል የመጣው ትልቁ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ መዘጋቱ ነው። በእሱ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን አቁመዋል ወይም ቀንሰዋል፤ ከእነሱ ሥር ትንሽ ትንሽ ድጋፍ ያገኙ የነበሩ የወጣት ማኅበራትም አብረው ተጎድተዋል። በአንድ ለጋሽ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ለጀማሪ የሚሆን መነሻ ገንዘብ

ማኅበሩ ገና ካልተመዘገበስ? ጥቂት ለጋሾች በተለይ ለእንዲህ ያሉት ነው የተቋቋሙት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው ፖሊኔሽን ፕሮጀክት በመላው ዓለም ለግለሰቦችና ለትናንሽ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች አንድ ሺህ ዶላር ያህል መነሻ ሲሰጥ ኖሯል። ገንዘቡ ለትልቅ ድርጅት ምንም አይደለም፤ ለአንድ የንባብ ክፍል ግን መደርደሪያ፣ መጽሐፍና አምፖል ነው። ዋናው ጥቅሙም የመጀመሪያ ሪፖርት ማስጻፉ ነው። አንዴ ተቀብሎ በአግባቡ ያወራረደ ቡድን ሁለተኛው ለጋሽ ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም።

ሥራው ገቢም የሚያስገኝ ከሆነ አንዚሻ ሽልማት አለ፤ የአፍሪካ ሊደርሺፕ አካዳሚና ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ከ15 እስከ 22 ዓመት ላሉ አፍሪካውያን ሥራ ፈጣሪዎች ያቋቋሙት ነው።

ሽልማት፦ ሌላ ሰው የሚናገርልህ

በአገራችን የታወቀው የበጎ ሰው ሽልማት ነው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ዕጩዎችን ሕዝብ ይጠቁማል፤ ከዘርፎቹም አንዱ በጎ አድራጎት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 በልዕልት ዳያና መታሰቢያነት የተመሠረተው የዳያና ሽልማት ከ9 እስከ 25 ዓመት ላሉ ነው፤ ገንዘብ የለውም፣ ራስን ማጨትም አይቻልም። መምህር ወይም ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ አዋቂ ነው የሚያጨው። ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉት ኪድስራይትስ የተባለው ድርጅት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የዓለም አቀፍ የሕፃናት የሰላም ሽልማት አለ፤ ማላላ ዩሱፍዛይ እ.ኤ.አ. በ2013 ተቀብላዋለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ ወጣቶች የምድር ወጣት ሻምፒዮኖች የሚል ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2017 ጀምሯል።

ማኅበረሰብ በጋራ የሚሸለምበትም አለ። በትግራይ ውቅሮ አቅራቢያ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ የተራቆተ መሬቱን ከልሎ፣ እርከን ሠርቶና የጉድጓድ ውኃውን መልሶ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። እዚያ የተሸለመው የዓመታት ቁፋሮ ነው፤ ሽልማቱ ሲመጣ እርከኑ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር።

በአሜሪካ የሚያድጉ የእኛ ልጆች የተለየ ዕድል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው ዩዝ ሰርቪስ አሜሪካ ለወጣቶች የአገልግሎት ሥራ አነስተኛ ድጋፎችን ሲያከፋፍል ቆይቷል። ግሎሪያ ባሮን ሽልማት በየዓመቱ በአሜሪካና በካናዳ ካሉ ከ8 እስከ 18 ዓመት ልጆች 25 ይመርጣል፤ ለ15ቱ ለእያንዳንዳቸው 10 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ለአማርኛ ቅዳሜ ትምህርት ቤት መጽሐፍ የምታሰባስብ ልጅ ወላጆቿ ይህን ቢያውቁላት መልካም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዲያስፖራ ትረስት ፈንድም "በቀን አንድ ዶላር" በሚል ጥሪ ያሰባሰበውን ለውኃ፣ ለጤናና ለትምህርት ፕሮጀክቶች አውሏል።

ወረቀቱ

የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለወጣቶች በር ከፍቷል። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በመሰል ጉዳዮች ላይ መሥራት አይችልም ነበር፤ ያ ቀርቷል። አምስት ሰዎች ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፤ ከሕጋዊ ምንጭ ድጋፍ መጠየቅና ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትም ተፈቅዷል። የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። መመዝገብ ገና ለከበዳቸው ደግሞ በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር መሥራት አንዱ መንገድ ነው፤ የመግባቢያ ሰነዱ ላይ ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚፈርምና ንብረቱ ለማን እንደሚቀር በግልጽ ይጻፍ።

ለአንድ ድርጅት የወጣቶችን ማመልከቻ ያነበብኩበት ጊዜ ነበር። "ግንዛቤ ማስጨበጥ" የማይል አልነበረም፤ ለማን፣ ስንት ጊዜ፣ ከዚያስ ምን ይለወጣል የሚለውን የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። በጀቱ ሲገለጥ ከፍተኛው ወጪ ቲሸርት፣ ባነርና የሻይ ቡና ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ የማልረሳት አንዲት ማመልከቻ ሁለት ገጽ ብቻ ነበረች፦ በየቅዳሜው የሚያስጠኗቸው ልጆች ቁጥር፣ የሦስት ወር የመገኘት መዝገብ፣ የጠፉ ልጆች ለምን እንደጠፉ፣ ከሦስት ሱቅ የመጣ ፕሮፎርማ፣ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ ማኅተም ያለው ደብዳቤ። አንባቢው ሁሉ ያለ ክርክር አሳለፋት። "የጠፉት ለምን ጠፉ" የሚለው ዐምድ ልባችንን ነካው፤ ልጆቹን የሚቆጥር ሰው ብሩንም እንደሚቆጥር አመንን።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ድጋፍ ለመስጠት አስቀድሞ "የማስኬጃ ክፍያ" የሚጠይቅ፣ ሽልማት አግኝተሃል ብሎ የመመዝገቢያና የጉዞ ገንዘብ ላክ የሚል፣ የባንክ የሚስጥር ቁጥር የሚሻ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብሎ መተው ይሻላል። እውነተኛ ለጋሽ ሰነድ ይጠይቃል፣ ጥያቄ ያበዛል፣ ያዘገያል፤ ገንዘብ ላክልኝ አይልም።

ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ያለው ጊዜ ከፍለጋው ይከብዳል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ጓደኝነትን ያፈርሳል፤ ብዙ ጥሩ ቡድን የተበተነው ድጋፍ በማጣት ሳይሆን ያገኘውን ማወራረድ አቅቶት ነው። ስለዚህ ዛሬ ምንም ገንዘብ የሌላችሁ ወጣቶች ደብተሩን ዛሬ ግዙ። ቀን፣ ሥራ፣ የተገኘ ሰው፣ የገባ፣ የወጣ ብላችሁ አስምሩ። ያቺ በር ሥር የቆመች ልጅ ክረምቱ ሲያልቅ ደብተሯን ለወረዳው አሳየች፤ በቀጣዩ ክረምት ሁለት ቤት ለማደስ የሚበቃ ቆርቆሮ ያለ ፕሮፖዛል ተፈቀደላቸው። የዱቤው ሚስማርም መከፈሉ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር።