የንግድ ዕድገት መጻሕፍት በምን ሚዛን ይመዘኑ?

ባለጸጋ ሰው ሀብቱን እንዴት እንዳገኘ ቢጠየቅ ትጋቱንና ብልሃቱን ይዘረዝራል እንጂ፣ በዚያው ትጋትና በዚያው ብልሃት ሠርቶ የከሰረውን ጎረቤቱን አያነሣም፤ ስለ ንግድ ዕድገት የተጻፉትን መጻሕፍት ሊመዝን የሚሻ አንባቢም አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባ ይህንኑ የከሰረውን ጎረቤት ነው።

አሜሪካዊው ጂም ኮሊንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 «ከመልካም ወደ ታላቅ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ1,435 ኩባንያዎች መካከል 11 ብቻ መርጦ፣ አክሲዮናቸው በ15 ዓመት ውስጥ ከጠቅላላው ገበያ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ያፈራበትን ምክንያት ሊገልጥ ደክሟል። እያንዳንዱን ኩባንያ በዚያው ዘርፍ ከሚሠራና እንደ እርሱ ካላደገ ተወዳዳሪ ጋር አነጻጽሯልና ድካሙን ማቃለል ግፍ ይሆናል። ዳሩ ግን ምርጫው የተደረገው ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ ነው፤ ከሒሳቡ ቀጥሎ የተደገፈበትም ማስረጃ፣ ጋዜጦች በድርጅቱ የደስታ ዘመን የጻፉትና ሹማምንቱ ድል ከነሡ በኋላ የተናገሩት ነው። አለቃ ሲቀናው ቆራጥ ይባላል፤ ያው ሰው በዚያው ጠባዩ ሲወድቅ ግትር ይባላል። በስዊስ አገር በሎዛን ያስተማረው ፊል ሮዘንዝዋይግ በ2007 ባወጣው መጽሐፍ ይህን የማስረጃ ሕጸጽ በሰፊው ተችቷል። ከ11ዱ አንዱ የሆነው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ሰርኪት ሲቲ በ2008 መክሰሩን አስታውቆ በማግስቱ ዓመት መደብሮቹን ዘጋ፤ ሌላው፣ የቤት ብድር የሚያስተናግደው ፋኒ ሜይ፣ በዚያው በ2008 በአሜሪካ መንግሥት ሞግዚትነት ሥር ወደቀ።

የቅዱሳንን ገድል የሚጽፍ ደራሲ ዓላማው ውዳሴና የምእመናን ጽናት መሆኑን አይሰውርም፤ የኩባንያን ገድል የሚጽፈው ግን ውዳሴውን የምርምር ካባ ስለሚያለብሰው፣ ካባውን ገልጦ መመልከት የአንባቢው ዕዳ ይሆናል።

አሠራርን ስለ ማሻሻል ከተጻፉት መካከል እኔ አብልጬ የማከብረው እስራኤላዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤልያሁ ጎልድራት ከጄፍ ኮክስ ጋር በ1984 ያወጣውን «ግቡ» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ፋብሪካውን ከመዘጋት ለማዳን ሦስት ወር ብቻ የተሰጠውን ሥራ አስኪያጅ እየተረከ የሚያስረዳው፣ የፋብሪካው ምርት የሚወሰነው ከሁሉ ባነሰ አቅም በሚሠራው መኪና መሆኑን፣ በዚያ መኪና ላይ የባከነች አንዲት ሰዓት ለመላው ፋብሪካ እንደ ባከነች፣ በሌሎቹ ላይ የተረፈችው ግን ያላለቀ ሥራ ከመከመር በቀር እንደማትረባ ነው። ይህን በእምነት ተቀበሉ አይባልም፤ የዳቦ ቤት ባለቤት ከምድጃው ፊት ተራውን የሚጠብቀውን ሊጥ ቆጥሮ፣ ተጨማሪ ማቡኪያ ቢገዛ ዳቦው ይበዛለት እንደ ሆነ፣ ገንዘቡን ሳያወጣ በገዛ ቤቱ ሊመረምረው ይችላል። እንዲህ ለፈተና ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ መጽሐፍ፣ ደራሲው ቢሳሳት እንኳ አንባቢውን አያታልልም።

ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ በ1993 ያሳተሙት መጽሐፍ በአንጻሩ አሮጌውን አሠራር ከሥሩ ነቅሎ እንደ አዲስ መትከልን ሰብኳል፤ ትምህርቱም ቢፒአር በሚለው ስም ወደ አገራችን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገብቶ፣ የሥራ ሂደት ሲጠና፣ መዋቅር ሲለወጥና ሠራተኛ ሲደለደል እንደ ነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ሐመር ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰውን ነገር በሚገባ እንዳላሰበበት በይፋ ተናግሯልና፣ መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ ይህን ኑዛዜ አብሮ ሊያነበው ይገባል። የባለጉዳዩ ፋይል በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘገይና በማን ፊርማ እንደሚታሰር፣ ሃያ ዓመት በመዝገብ ቤት የኖረች ሠራተኛ ከማንኛውም አጥኚ አብልጣ ታውቃለች፤ እርሷን ሳይጠይቅ የተሣለ የሥራ ሂደት በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ፋይሉ ከቆመበት ጠረጴዛ አይነቃነቅም።