ሴባስቶፖል በስክሪን ላይ፦ የጌም ሞድ ደጃፍ እንዴት ይከፈታል?

አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። ወደ 7 ቶን የሚመዝን ብረት ነው። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየናደ መንገድ አበጀለት። በጋይንት ምድር አልፎ ጨጨሆን ወጣ፤ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርዶ ወጣ። መቅደላ ሲደርስ ከአምስት ወር በላይ ሆኖት ነበር። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ ለሚያድግ ልጅ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የጎረቤት ታሪክ ነው።

ያ መድፍ ዛሬ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይተኮሳል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3» የተባለው የስትራቴጂ ጌም በ2021 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኢትዮጵያን ሲጨምር፣ ለኢትዮጵያ ወገን ከነፍጠኛውና ከሾተል ተዋጊው ጋር ሴባስቶፖልንም አሰልፎለታል። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2015፣ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ኢትዮጵያውያንን አስገብቶ ነበር። በዚህኛው ጌም የኢትዮጵያ ወታደር ሲታዘዝ የሚመልሰው በአማርኛ ነው። የዮዲት ታሪክም ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ይጫወቱታል።

ኢትዮጵያ እዚያ የገባችበት መንገድ ግን ከትልቅ ኩባንያ ቢሮ አልተጀመረም። «ኤጅ 2» ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1999 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት አንድ ማስፋፊያ ተጨመረለትና ቆመ። ጌሙን የሠራው ኤንሴምብል ስቱዲዮስ በ2009 ተዘጋ። ጌሙን የሚወዱ ተጫዋቾች ግን አልተዉትም። በርት ቤክማን የሚገኝበት ቡድን በትርፍ ጊዜው አምስት አዳዲስ ሕዝቦችን ሠርቶ «ፎርጎትን ኤምፓየርስ» በሚል ስም በ2012 በነፃ ለቀቀ። ሥራው ጥሩ ስለነበር በቀጣዩ ዓመት ሕጋዊ ማስፋፊያ ሆኖ ለሽያጭ ቀረበ፤ ቡድኑም ኩባንያ ሆነ። ኢትዮጵያውያንን በ2015 ያስገባው ይኸው ቡድን ነው። የሾተሉ ተዋጊ ወደ ስክሪን የመጣው በአፍቃሪዎች እጅ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ሥራ ሞድ ይባላል። ሞድ ማለት ሌላ ሰው በሠራው ጌም ላይ ተጫዋቹ ራሱ የሚጨምረው፣ የሚያርመው ወይም የሚለውጠው ነገር ነው። ነገሩ ለአገራችን ጌም ቤቶች እንግዳ አይደለም። «ፔስ 2013» የተባለው የእግር ኳስ ጌም ሲወጣ የብዙ የእንግሊዝ ክለቦች ፈቃድ ስላልነበረው አርሰናል «ኖርዝ ለንደን» ተብሎ፣ ያለ ዓርማው ቀርቦ ነበር። ትክክለኛውን ስም፣ ማሊያና ዓርማ መልሰው ያስገቡት በየትም ዓለም ያሉ ደጋፊዎች ናቸው። ጆይስቲክ ይዞ በአርሰናል የተጫወተ ሁሉ የእነሱን ሥራ ቀምሷል፤ ማን እንደሠራው ባያውቅም።

ሞዱ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሌላው ሊያገኘው ይገባል። የሞድ ማስቀመጫ ድረ ገጾች የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ከታላላቆቹ አንዱ ኔክሰስ ሞድስ ነው፤ ሮቢን ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ በ2001 ለአንድ ጌም አፍቃሪዎች ብሎ የጀመረው ነው፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ጌሞችን ያስተናግዳል። ስኮት ራይስማኒስ የተባለ አውስትራሊያዊ በ2002 ሞድ ዲቢን ጀመረ፤ ቆይቶም ሞድ አይኦ የተባለውን ሌላ አገልግሎት አቋቋመ። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በበኩሉ በ2011 ስቲም ወርክሾፕን ከፈተ።

ከእነዚህ ገጾች በአንዱ የሚፈልገውን ጌም ያጣ ወጣት ምን ያድርግ? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጌሙ እንዲጨመርላቸው ይጠይቃሉ፣ ይለምናሉ፣ መልስ ሲያጡም ይተዉታል። መልሱ የሚወሰነው ደጃፉን የሚከፍተው ማን እንደሆነ በማወቅ ነው።

በስቲም ወርክሾፕ ቁልፉ ያለው በጌሙ ሠሪ እጅ ነው። ሠሪው ጌሙን ከወርክሾፑ ጋር ካላገናኘው፣ ሺህ ተጫዋች ቢጮህ ገጽ አይከፈትም። በሞድ አይኦም ሠሪው አገልግሎቱን ከጌሙ ጋር ማያያዝ አለበት። እዚያ መጻፍ የሚገባው ለድረ ገጹ ሳይሆን ለጌሙ ባለቤት ነው።

በኔክሰስ ያለው ወግ ሌላ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የሚወደው ይህንኑ ነው። ኔክሰስ ባዶ ገጽ አይከፍትም። ለአዲስ ጌም ቦታ የሚሰጠው አንድ ሰው ያለቀለት፣ የሚሠራ ሞድ ይዞ ሲመጣ ነው። ሰውየው ፋይሉን ሲያስገባ ጌሙ በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ያመለክታል፤ የጌሙን ስምና አስፈላጊውን መረጃ ይሞላል፤ የገጹ ሠራተኞች ያዩታል። ፋይሉ ንጹሕ ከሆነና ከደንባቸው ጋር ካልተጋጨ ገጹ ይከፈታል። የአንድ ሰው አንድ ሥራ ለሌላው ሁሉ በር ይሆናል። ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም፤ የጽሑፍ መጠንን የሚያሳድግ ወይም የተሳሳተ የቦታ ስም የሚያርም ሞድም ሞድ ነው።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ኔክሰስ ቮርቴክስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ሞዶችን አውርዶ በየቦታቸው የሚያስቀምጥ ነው። ቮርቴክስ አዲሱን ጌም እንዲያውቀው ትንሽ ተቀጥላ ይጻፍለታል። የተቀጥላው ፎልደር ሲከፈት የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የተቀጥላውን ስምና ሥሪት የሚናገር አጭር ፋይል፣ የጌሙ ሥዕል፣ እና በጃቫ ስክሪፕት የተጻፈ ኮድ። ኮዱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ጌሙ ኮምፒውተሩ ላይ የት ተጫነ? የሚያስነሣው ፋይል የቱ ነው? ሞዶቹ የሚገቡበት ፎልደር የት ነው? ቦታው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የትኞቹ ፋይሎች መኖር አለባቸው? ለጀማሪ ፕሮግራመር ይህ የጥቂት ምሽት ሥራ ነው። ጃቫ ስክሪፕት በነፃ የሚማሩበት ቦታም አልጠፋም፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግ መሠረትን በነፃ ያስተምራል።

ስለ ፈቃድም መናገር ያስፈልጋል። የሌላውን ሰው ሥዕል፣ ድምፅ ወይም ኮድ ሳያስፈቅዱ ሞድ ውስጥ መክተት ሞዱን ከገጹ ያስወጣል፤ ሠሪውንም ያሳግዳል። ተሰብሮ የተቀዳ ጌም ይዞ እርዳታ የሚጠይቅ ሰውም በእነዚህ ገጾች ላይ ቦታ የለውም። ይህ በአገራችን መራራ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ልጅ ጌም የሚያገኘው በፍላሽ ተቀድቶ ነው፤ ከውጭ ለመግዛት ደግሞ የሚሠራ የክፍያ ካርድ ማግኘት ከባድ ነው።

መውጫ ግን አለ፤ እሱም «ዜሮ ኤዲ» ነው። ይህ የጥንት ዘመን የጦርነትና የግንባታ ጌም ነው፤ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የተጀመረው በ2001 ሲሆን ያን ጊዜ የታሰበው ለ«ኤጅ 2» ሞድ እንዲሆን ነበር፤ ኋላ ራሱን የቻለ ጌም ወጣው። ከ2018 ጀምሮ ሞዶቹን የሚያከፋፍለው በሞድ አይኦ በኩል ነው። አንድ ሰው ሞድ ሠርቶ ሲያስገባ የጌሙ ቡድን ይመረምረዋል፤ ከተቀበለው በዲጂታል ፊርማ ያጸድቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ከጌሙ ሳይወጣ ያወርደዋል። የጎረቤታችን የኩሽ መንግሥት ከነመርዌ ፒራሚዶቹ በ2018 ገብቷል። አክሱም ግን ከዋናው ጌም ሥልጣኔዎች መካከል የለም። ሐውልቱን፣ የአዱሊስን ወደብ፣ የነገሥታቱን ሳንቲም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ገንዘብ የሚከፍለው የለም፤ የሚጠበቅበት ሥራ ብቻ ነው።

ሌላው ሰፊ ሜዳ ቋንቋ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት ይዞ መጥቷል። በብዙ ጌሞች ግን አማርኛ ሲጻፍ የሚታየው ባዶ ሣጥን ነው። ምክንያቱም ጌሞቹ የኮምፒውተሩን ፎንት አይጠቀሙም፤ ጥቂት ፊደሎችን ብቻ የያዘ የራሳቸውን ፎንት ያዘጋጃሉ። ስለዚህ አማርኛ በሌለው ጌም የመጀመሪያው ሞድ ብዙ ጊዜ የፎንት ሞድ ነው። ያ ከሌለ ትርጉሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ማይንክራፍት የተባለው ጌም እዚህ ላይ ይሻላል። ለሌሎች ፊደላት ዩኒፎንት የተባለውን ነፃ ፎንት ስለሚጠቀም የግእዝን ፊደል ያሳያል። የኮምፒውተሩ ሥሪት ላይ አዲስ ቋንቋ ማስገባት ኮድ አይጠይቅም፤ አንድ ፎልደር ይበቃል። በውስጡ ያለው የቋንቋ ፋይል በኖትፓድ ሲከፈት ረጅም የመስመር ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ መስመር በግራ በኩል ጌሙ የሚያውቀው ቁልፍ ቃል አለ፤ እሱ አይነካም። በቀኝ በኩል በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ተጫዋቹ የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ የሚለወጠው እሱ ብቻ ነው። አንድ ኮማ ወይም አንድ የጥቅስ ምልክት ከጎደለ ግን ፋይሉ በሙሉ አይነበብም፤ ስለዚህ ጥቂት መስመር ለውጦ፣ ጌሙን ከፍቶ፣ አይቶ መቀጠል ነው። ማይንክራፍት በ2023 ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ጌም ስለሆነ በብዙ የሞድ ገጾች ላይ ቦታው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

በአገር ውስጥ ጌም የሚሠሩትም የሚጠበቅባቸው አለ። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ለስልክ ሠርቶ የኢትዮጵያ ልጅ የራሱን ጨዋታ በራሱ ስክሪን እንዲያይ አድርጓል። ይህ መንገድ መስፋት አለበት። ወደፊት የሚሠሩ ጌሞች የቋንቋና የሥዕል ፋይላቸውን በተለየ ፎልደር ቢያስቀምጡ፣ የጎንደሩ ልጅ የፋሲልን ግንብ፣ የሐረሩ ልጅ የጀጎልን በር ሊጨምርበት ይችላል። «ካውንተር ስትራይክ»ን በ1999 ሁለት ወጣቶች በሞድነት ሲጀምሩት ሞዱ የተሠራበት ጌም ባለቤት የነበረው ቫልቭ በሩን ክፍት ትቶ ነበር፤ በዓመቱ ሥራውን ገዛው፤ ሠሪዎቹንም ቀጠራቸው።

የሞድ ሠሪው ችግር ቀላል ነው ብሎ መሸፋፈን ግን ተገቢ አይደለም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በመብራት መቆራረጥ መሀል ኮምፒውተር ላይ መሥራት ትዕግሥት ይፈልጋል። ደግነቱ የሞድ ሥራ አብዛኛው ያለ ኢንተርኔት የሚከናወን ነው፦ ጌሙ አንዴ ከወረደ፣ መመሪያው በፍላሽ ከተቀመጠ፣ የቀረው ኖትፓድና ጊዜ ነው። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለማስገባት ብቻ ነው፤ የቋንቋ ፋይል ደግሞ ከአንድ ፎቶግራፍ የማይበልጥ መጠን አለው።

በአርብ ገበያም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ያላችሁ፣ ኮምፒውተር የምትነኩ ወጣቶች፦ «ዜሮ ኤዲ»ን አውርዱና የኩሽን ፎልደር ክፈቱ። አንድ ሥልጣኔ ከምን ከምን እንደተሠራ ፋይል በፋይል እዩ። ከዚያ አንድ የአክሱም ቤት ወይም አንድ ወታደር ሠርታችሁ አስገቡ። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራንም የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ቅዳሜ ከሰዓት ለእነዚህ ልጆች ስጧቸው።