አሮጌው ፍላትቤድ ይለወጥ ወይስ ይጠገን?

የኅትመት ቤት ባለቤቶች ከሚያነሱልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በገንዘብ የሚከብደው «ይህ ዩቪ ፍላትቤድ አርጅቷል፤ ልለውጠው?» የሚለው ነው፤ በሰሌዳ ላይ በቀጥታ አትሞ ቀለሙን በዩቪ ብርሃን የሚያደርቀውን ማሽን ማለታቸው ነው። አንዱ ጎረቤቱ አዲስ ማሽን ማስገባቱን ሰምቶ ይጠይቃል፤ ሌላው የጥገና ወጪ አማርሮት። እኔ የማሽኑን ዕድሜ ከመጠየቄ በፊት በቅርቡ የተበላሹትን ሰሌዳዎች እንዲያሳዩኝ እለምናለሁ።

የተበላሸ ሰሌዳ ሕመሙን ይናገራል። በእኩል ርቀት እየተደጋገመ የሚወጣ ነጭ መስመር ካለ የሄዱ (ቀለም የሚረጨው የማተሚያ ራስ) ኖዝሎች ተደፍነዋል፣ ወይም ማሽኑ ወደፊት የሚራመድበት ልክ ተዛብቷል። የፊደሉ ጠርዝ ጥላ ካወጣ ሄዱ ሲሄድና ሲመለስ የሚጥላቸው ጠብታዎች አልተገናኙም፣ ወይም በሄዱና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት በዝቷል። ቀለሙ በጥፍር ሲፋቅ ከተላጠ ወይ የማድረቂያው መብራት ደክሟል፣ ወይ ሰሌዳው ሳይጠረግ ታትሞበታል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ሲደርቅ ደግሞ የአክሪሊኩ መሸፈኛ ላስቲክ ሲላጥ ሰሌዳው የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ የቀለሙ ብናኝም በጽሑፉ ዙሪያ እንደ ጭጋግ ይበተናል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በአዲስ ማሽንም ላይ ይመጣሉ። አቧራ የሚገባበት ክፍልና ጠዋት ጠዋት የኖዝል ሙከራ የማይወጣበት የሥራ ልማድ አዲሱንም ማሽን ቶሎ ያስረጁታል። ስለዚህ ጉድለቱ በስሙ ሳይጠራ ማሽን መግዛት ችግሩን በውድ ዋጋ ወደ አዲስ ገበታ ማዛወር ነው።

በእርግጥ የሚያረጅ ነገርም አለ። ከሁሉ በፊት ማየት ያለብን የማድረቂያውን መብራት ነው። የእንግሊዙ ኢንካ ዲጂታል ኢግል 44 የተባለውን ፍላትቤድ እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ ካቀረበ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት ማሽኖች ቀለም የሚያደርቁት በሜርኩሪ መብራት ነበር። ይህ መብራት ሥራ ለመጀመር ደቂቃዎች መሞቅ ይፈልጋል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ ወዲያው አይበራም፤ መጀመሪያ መቀዝቀዝ፣ ከዚያ እንደገና መሞቅ አለበት። በግማሽ የታተመ ሰሌዳ እስከዚያ ይጠብቃል፤ ሲቀጥል መጋጠሚያው ላይ መስመር ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ይጣላል። ኤልኢዲ መብራት ግን ቁልፉ እንደተጫነ ይበራል። ኃይል በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ከማሽኑ የፍጥነት ቁጥር ይበልጣል።

ሙቀቱም ሌላ ነገር ነው። ሜርኩሪ መብራት ስስ ፎም ቦርድንና ስስ አክሪሊክን ያጎብጣል፤ የጎበጠ ሰሌዳ ጠርዙ ተነሥቶ ሄዱን ይመታል። ሰሌዳውን ወደ ታች ስቦ የሚይዘው የቫኪዩም ገበታ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሰሌዳውን የሚጫነው የከባቢ አየር ግፊት ነውና፣ እዚህ ያለው ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለአውሮፓ ወይም ለቻይና ዳርቻ ከተሞች በቂ የሆነ ፓምፕ እዚህ ሊደክም ይችላል።

የደከመ መብራት በሠራተኛ ጤናም ላይ ይመጣል። ሙሉ ለሙሉ ያልደረቀ የዩቪ ቀለም ቆዳን ያስቆጣል፤ አንድ ጊዜ አለርጂ የያዘው ሰው ዕድሜ ልኩን ከዚያ ቀለም ለመራቅ ሊገደድ ይችላል። ሜርኩሪ መብራት ኦዞን የተባለውን ጋዝም ስለሚያመነጭ አየር ማስወጫ የግድ ነው። በባዶ እጁ ሰሌዳ የሚያነሣ ልጅ ያለበት ቤት የመብራቱን ጉዳይ ለሚቀጥለው ዓመት አያሳድርም።

«እንግዲያው መብራቱን ብቻ ወደ ኤልኢዲ ልቀይረው» የሚለኝ አለ። ይቻላል፤ ነገር ግን አምፖል እንደመቀየር አይደለም። ኤልኢዲ የሚያወጣው ብርሃን ጠባብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 395 ናኖሜትር አካባቢ። ለሜርኩሪ የተቀመመው ቀለም በዚህ ብርሃን በደንብ አይደርቅም። ስለዚህ ቀለሙ ይለወጣል፣ ቱቦዎቹ ይታጠባሉ፣ የቀለም ፕሮፋይሉም እንደገና ይሠራል። ሐዲዱና ተሸካሚው ያልተበላ፣ ገበታው ያልተጣመመ ማሽን ይህን ወጪ ይሸከማል። ሐዲዱ የተበላ ማሽን ላይ ግን ይህን ገንዘብ ማውጣት አልመክርም።

ሁለተኛው የዕድሜ መለኪያ መለዋወጫ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ1,000 ዶላር ሄድ 57,000 ብር ይባል የነበረው ከ100,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። አዲስ ማሽንም በዚያው ልክ ተወዷል፤ ስለዚህ ሄድና የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በገበያ እስከተገኙ ድረስ ጥሩ አሮጌ ማሽን ዋጋው ከፍ ብሏል። ፋብሪካው ሄዱን ማምረት ሲያቆም ወይም የማሽኑ ሶፍትዌር በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ግን ቀኑ ተቆጥሯል። ማሽኑ ቆሞ ደንበኛ እየጠበቀ ከመግዛት አስቀድሞ መዘጋጀት ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ሦስተኛው የምትመልሱት ሥራ ነው። አንዲት የታፔላ ቤት ባለቤት የባንክ ብድሯ ተፈቅዶ ትልቅ ማሽን ልታዝ ስትል አማከረችኝ። «እህቴ፣ መጀመሪያ እምቢ ያልሻቸውን ትእዛዞች እንይ» አልኳት። ደብተሯ ላይ ያገኘነው በአብዛኛው በግልጽ አክሪሊክና በመስታወት ላይ ነጭ ቀለም የሚፈልግ ሥራ ነበር። አራት ቀለም ብቻ ያለው ማሽኗ ይህን አይችልም፤ ፎም ቦርዱን ግን አሁንም በደንብ ያትማል። ስለዚህ ነጭ ቀለሙን የሚያዘዋውር አነስ ያለ ማሽን ገዛች፤ አሮጌውም ሥራውን ቀጠለ። የነጭ ቀለም ዱቄት ከባድ ስለሆነ ካልተዘዋወረ ይዘቅጣል፤ ዘቅጦም ሄድ ይደፍናል። ማዘዋወሪያ የሌለው ማሽን ነጭ ቀለም አለው ተብሎ አይገዛም።

ሂሳቡንም በሰዓት ፍጥነት አትሥሩት። ደንበኛ ተረክቦ የከፈለበት አንድ ካሬ ሜትር ስንት አስወጣችሁ ብላችሁ ሥሩት። አንድ ሙሉ ሰሌዳ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ማለትም ሦስት ካሬ ሜትር ያህል ነው። ከአሥር አንዱ የሚጣል ከሆነ የእሱ ሰሌዳ፣ ቀለምና ሰዓት በዘጠኙ ላይ ይጫናል። ይህን ቁጥር ለሁለት ወር የጻፈ ሰው ለመወሰን የእኔን ምክር ብዙም አይፈልግም።

መግዛት ነው ከተባለም ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሰሌዳና የራሳችሁን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ባዘጋጀው ናሙና አትፍረዱ። እየታተመ ሳለ ኃይሉ ተቋርጦ እንዲመለስ አድርጉ፤ መጋጠሚያውን እዩ። የታተመውን በምላጭ ሸንሽናችሁ ፕላስተር ለጥፉና ላጡት። በመጨረሻም ይህ ማሽን ሲቆም ማን ይመጣል፣ ሄዱስ አገር ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በውሉ ላይ አስፍሩ።